የከዚራዋ ሮቃ ነዋሪዎች

ከአዲስ አበባ ያስነሳኝ የፋጡማ ደብዳቤ ነው። ድሬዳዋ ሳስተምር ጎረቤቴ ነበረች። ከዚራ ሰፈር፣ አንዲት ትልቅ የሮቃ ዛፍ ሥር ተቀምጣ የዛፏን ኮምጣጣ ፍሬ ትዘፈዝፍና መጠጡን ትሸጣለች። «ቀበሌው ዛፏን ቆርጦ አዳራሽ ሊሠራ ነው። ሐሙስ ስብሰባ አለ። አንተ የባዮሎጂ አስተማሪ ነህ፤ መጥተህ አፍህን ክፈት» ትላለች። አፍ መክፈት መቼም ቸግሮኝ አያውቅም። የይለፍ ወረቀቴን ማኅተም አስመትቼ ተነሣሁ።

ረቡዕ፣ ባቡር ላይ

ሦስተኛ ማዕረግ ወንበሩ እንጨት ነው፤ አዋሽ ስንደርስ ወገቤ ተለይቶኝ የወረደ መስሎኝ ነበር። እዚያ ጥብስ በዳቦ በላሁ። ኤረር ላይ ብርቱካን ሻጮች መስኮቱን ወረሩት። በሃምሳ ሳንቲም የገዛሁት ብርቱካን የሕፃን ራስ ያህላል፤ ባወራሁት ቁጥር ደግሞ ትንሽ ያድጋል። አመሻሹ ላይ ድሬ ገባን። ሙቀቱ ጣቢያ ድረስ ወጥቶ ተቀበለኝ።

ሐሙስ፣ ማለዳ

ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ ዛፏን ስዞር ፋጡማ አየችኝ።

«ምን ትጽፋለህ?» አለችኝ። በድሬ አንቱታ ባቡር አምልጦት የቀረ ነገር ነው።

«የዛፏን ነዋሪዎች እቆጥራለሁ።»

«አቦ፣ በኔ ስም ጻፋቸው! የቀበሌ ሱቅ ስኳር የሚሰጠው በቤተሰብ ብዛት ነው።»

ቅጠሉን ትል ይበላል፤ ትሉን ጉንዳን፣ ጉንዳኑን እንሽላሊት፣ እንሽላሊቱን ጭልፊት። የረገፈውን ፍየሎች ይለቅማሉ፤ በጠጣቸውን እየጣሉም ሥሯን ይመግባሉ። ቅርንጫፏ ላይ የሰፈሩት ቁራዎች ብቻቸውን ቢቆጠሩ የቁራ መንጋ ናቸው። የተለያየ ዝርያ አንድ ቦታ አብሮ ሲኖር፣ አንዱ ለሌላው ምግብ፣ ጥላ ወይም መከራ ሲሆን ግን ማኅበረሰብ ይባላል። ይህንኑ ነገርኳት።

«እንደኛ ሰፈር በለኛ!» አለች፤ ፍየሏን በሶማልኛ ገስጻ፣ ደንበኛዋን በኦሮምኛ እየጠራች።

«ሰው እንኳ ሁሉም አንድ ዝርያ ነው።»

«ባሌን አታውቀውም ማለት ነው።»

አምስት ሰዓት

የቀበሌው ሊቀመንበር ጠረጴዛውን ከዛፏ ማዶ፣ ባዶው ሜዳ ላይ አስቀምጦ ነበር። ስብሰባው ሳይጀመር ፀሐዩ አባሮት ከነጠረጴዛው ወደ ጥላው ጫፍ መጣ፤ ሕዝቡም ተከተለው።

«አዳራሹ የሚሠራው ለማኅበረሰቡ ነው» አለ።

«ለየትኛው ማኅበረሰብ?» ብዬ ተነሣሁና ዝርዝሬን ከትሉ ጀምሬ አነበብኩ። ጭልፊቱ ላይ ስደርስ አቋረጠኝ።

«ጓድ መምህር፣ ቁራ መዋጮ ይከፍላል?»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። ሃያ ዓመት ሰው ሳስቅ የኖርኩት ሰውዬ መሳቂያ ሆንኩ። ፋጡማን ማየት አፍሬ ተቀመጥኩ። ዛፏ አለቀላት አልኩ።

እሱ ንግግሩን ቀጠለ፤ የድሬ ፀሐይም ሥራዋን ቀጠለች። ጥላው ወደ ግንዱ ሲሸሽ ሊቀመንበሩ ወንበሩን እየጎተተ ይከተለዋል። እኛም እንከተላለን። ስድስት ሰዓት ላይ ጀርባው ግንዱን ነካ።

«አዳራሹ የሚያስፈልገው» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ሕዝቡ ፀሐይ ሳይመታው እንዲሰበሰብ ነው።»

ፋጡማ የሮቃ መጠጥ በብርጭቆ ሞልታ አቀበለችው። «ታዲያ አሁን የት ነው የተቀመጥከው፣ አንተ?»

ሊቀመንበሩ ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየ። መጠጡን እስከ አተላው ጨለጠ። ከዚያ እሱው ቀድሞ ሳቀ።

አዳራሹ ጠረጴዛው መጀመሪያ የቆመበት ሜዳ ላይ እንዲሠራ እጅ ወጣ። ፋጡማ ሁለቱንም እጆቿን አወጣች፤ አንዱ የፍየሏ ነው አለች።

ቤቴ

ከአንድ ከረጢት ሮቃ ጋር ቅዳሜ ገባሁ። ደብተሬን ስገልጥ ስህተቴን አየሁት። ከትል እስከ ጭልፊት ቆጥሬ ሰውን ዘልዬዋለሁ! ስለ ማኅበረሰብ ሃያ ዓመት ያስተማርኩት ከውጭ እንደቆመ ተመልካች ነበር። ፋጡማ ግን ከውስጥ ሆና ታውቀዋለች።

ሰኞ ክፍል ገብቼ ሮቃዋን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳልኳት፤ ነዋሪዎቿንም አስገባሁ። ከግንዱ ሥር፣ ከጉንዳኖቹ ቀጥሎ፣ መጠጥ የምትቀዳ ሴትና ወንበር የሚጎትት ሊቀመንበር ጨመርኩ። የሊቀመንበሩን ስም አልጻፍኩም። ቀልደኛ ነኝ እንጂ ሞኝ አይደለሁም።