የንዴት ዋስ

ስፖርተኛ ሜዳ ላይ ንዴቱን መቆጣጠር አለበት የሚሉ ሰዎችን ሁልጊዜ የማገኛቸው ተቀምጠው ነው። ፊታቸው ማኪያቶ አለ፣ ጫማቸው ተወልውሏል፣ ቅልጥማቸውን የረገጠ ሰው የለም። እኔም የምከራከራቸው ተቀምጬ ነው፤ ብቻ ተቃራኒውን ይዤ። ጨዋታው እስኪያልቅ ዳኛውን ስንሰድብ የምንውል እኛ፣ የሚረገጠው ሰውዬ ጨዋ እንዲሆን የመጠየቅ ምን መብት አለን? ስድብን ለተመልካች፣ ትዕግሥትን ለተጫዋች ያከፋፈለው ማነው? ይህን እያልኩ የዲላን ሻይ ቤቶች ለዓመታት አሰልችቻለሁ።

እኔ ይህን አቋም ከመጻሕፍት ነው የለቀምኩት። የሚስቴ ታናሽ ወንድም ግን ከቅልጥሙ ነው ያገኘው።

የሚስቴ ወንድም የከተማችን ክለብ ተከላካይ ነው፤ ደመወዝ እየተከፈለው የሚጫወት፣ ሌላ ሥራ የሌለው ሰው። ለኳስ ዕድሜው ገፍቷል። ክለቡ ከለቀቀው የሚጠብቀው ወናጎ ያለው የአባቱ ቡናና እንሰት ነው፤ ኳስ የጀመረው ደግሞ ከዚያ ማሳ ለማምለጥ እንደሆነ አይደብቅም። ቤት ውስጥ ጨዋ ነው፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን ያዞራል። ማሊያውን ሲለብስ ግን ዶሮዋ ራሷ ትፈራዋለች።

አንድ ቀን የተጋጣሚ አጥቂ ደጋግሞ በክርኑ ጎኑን ይወጋው ጀመር። ዳኛው አያይም። የሚስቴ ወንድም መጀመሪያ በትሕትና ነገረው። ቀጥሎ ማሊያውን ገልጦ ጎኑን አሳየው። በመጨረሻ ሄዶ ፊሽካውን ከዳኛው እጅ ነጠቀና ራሱ ነፋው።

ሁሉም ቆመ። ተጋጣሚዎቹ ቆሙ፣ የመስመር ዳኛው ባንዲራውን አነሳ፣ አጠገቤ ኦቾሎኒ የምትሸጠው ሴትዮ እንኳ መስፈሯን ተወች። እውነቱን ለመናገር፣ በዚያ ጨዋታ በሰዓቱ የተነፋ ፊሽካ እሱ ብቻ ነበር።

ቀይ ካርድ ወጣበት። ክለቡም «አንዴ ከደገምከው ውልህ ያበቃል» አለው።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ዳኛው ግን የወናጎ ሰው ነው፤ አማቱ የሚስቴ አባት ጎረቤት ናቸው። ለቅሶ ላይ፣ ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ጎን ለጎን የሚቀመጡ ቤተሰቦች በፊሽካ ምክንያት ተኳርፈው መኖር አይችሉም። ስለዚህ ጉዳዩ ጌዴኦዎች ሶንጎ ወደሚሉት የሽማግሌዎች ሸንጎ ሄደ።

በዕድሜ የሚበልጡት ሽማግሌ ኳስ አይተው አያውቁም። ሁሉንም አዳምጠው ሲያበቁ፣ «ፊሽካው የማነው? የመንግሥት ነው?» ብለው ጠየቁ።

«የግሌ ነው አባ» አለ ዳኛው።

«ይመለስለታ።»

«ተመልሷል።»

«ታጥቦ?»

የሚስቴ ወንድም አቀረቀረ። አላጠበውም ነበር። ከዚያ በኋላ ይቅርታው ቀላል ሆነ፤ የዳኛውን ትከሻ ሳመ፣ ዳግመኛ ሜዳ ላይ ላይናደድም ቃል ገባ። ሽማግሌው «ዋስህ ማነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

«እኔ እንኳ በመርህ ደረጃ...» ብዬ ስጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጠችው ሚስቴ በክርኗ ጎኔን ወጋችኝ። የወንድሟ ሕመም ያን ጊዜ ገባኝ። ዋስ ሆንኩ።

የሚስቴ ወንድም ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የባሰ ነገር ሊደርስብን አይችልም ነበር። አጥቂ ሲወድቅ ሮጦ ያነሳል፣ ሣሩን ያራግፍለታል። ኳስ ይዞ የመጣበትን ሰው፣ በር ላይ ትልቅ ሰው እንደሚያሳልፉ ሁሉ «እለፍ» ብሎ ያሳልፋል። የቤተ ክርስቲያን እህቶች «ጌታ ለወጠው!» ብለው ዘመሩ፤ ምስክርነት እንዲሰጥም ጠየቁት። ቡድኑ ተሸነፈ። በሚቀጥለውም ተሸነፈ።

ዲላ ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለም፤ ደጋፊው ዋሱ ማን እንደሆነ ደረሰበት። ገና ደረጃው ላይ ቦታ ስፈልግ ይጮሁብኛል። «ጋሼ ዋሱ! ልጁን ፍታው!» «ቀዩን ለጋሼ ስጡልን!»

አሰልጣኙ ቤት ድረስ መጣ። ሻይ ቀረበለት፣ አልነካውም።

«ዋስትናዎን ቢያነሱልን ብዬ ነው» አለ።

«እንዲረጋጋ ያላችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«እንዲረጋጋ ነው ያልነው ጋሼ፤ እንዲመነኩስ አላልንም። በዚህ ከቀጠለ ለመጪው ዓመት አናስፈርመውም። እሁድ የመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ አለቆቹ መጥተው ያዩታል።»

ስለዚህ ቢናደድም ወናጎ፣ ባይናደድም ወናጎ። የሚስቴን ወንድም ጠርቼ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት።

«ጋሼ፣ ስናደድ ኳሷ ትልቅ ሆና ነው የምትታየኝ» አለ። «አሁን አነሰችብኝ። አጥቂው ሲመጣ ደግሞ አንተን ነው የማስበው።»

«እኔን?»

«ብናደድ የምትዋረደው አንተ ነህ።»

ብዙ ሰው በክፉ አስቦኛል፤ በመታሰቤ ጎል ሲገባ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሚኒባስ ተሳፍረን ወናጎ ወረድን። ሽማግሌውን ያገኘናቸው የተሰጣ ቡና ሲያገላብጡ ነው። ቃሉን እንዲያነሱለት ለመንኳቸው።

«ቃል አይነሳም» አሉ፣ እጃቸውን ከቡናው ሳያነሱ። «ንዴቱ ግን የት ሄደ?»

«ውስጡ ነው ያለው አባ። ከብዶታል።»

«ዋሱ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«የተዋሱለት ሰው ሸክም ሲከብደው ማነው የሚሸከምለት?»

 ወዴት እንደሚሄዱ ገብቶኝ ነበር።

«እሱ ይጫወት» አሉ ሽማግሌው። «አንተ ተናደድለት።»

እኔ ሳቅሁ። የሚስቴ ወንድም አልሳቀም።

«ትናደድልኛለህ ጋሼ?»

«እንደምችለው።»

«እንደምትችለው ከሆነ ይቅር። እንጀራዬ ነው፣ በደንብ ከሆነ ነው።»

ችግሩ እዚህ ላይ ነበር። ለንዴት ጥብቅና ስቆም ኖሬ፣ ራሴ ተናድጄ የማውቀው በጽሑፍ ብቻ ነው። እሱም ታርሞ፣ ተነቦ፣ ነጠላ ሰረዙ ተስተካክሎ።

እሁድ ደረሰ። የመጀመሪያው ክርን እንዳረፈበት ቀና ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ። ተነሣሁና «ዳኛ!» አልኩ።

«ሰላምታ ነው ጋሼ?» አለኝ አጠገቤ ያለው ወጣት።

ሁለተኛው ክርን አረፈ። የሚስቴ ወንድም ጎኑን ይዞ አሁንም ያየኛል። «ይህ ግልጽ የፍትሕ መጓደል ነው!» ብዬ ጮህኩ። ደረጃው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አንዱ ከኋላ «ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኝ በልልን!» አለ።

ሦስተኛው ሲያርፍ ግን ተንበረከከ። ያ ዶሮ ሲታረድ ማየት የማይወድ ሰው፣ የሚያመውን ይዞ ዋስትናዬን ለማስከበር ዝም ብሎ ተንበረከከ። ከዚያ በኋላ ያለውን በቅደም ተከተል መናገር አልችልም። ራሴን ያገኘሁት የሽቦው አጥር ላይ ተንጠልጥዬ ነው። ከአፌ የሚወጡት ቃላት ካነበብኳቸው መጻሕፍት በአንዱም ውስጥ የሉም። አንድ ጫማዬ ሜዳ ውስጥ ነበር። የሚስቴ ወንድም እያየኝ ሳቀ፤ ጫማዬን አንሥቶ በአክብሮት ለመስመር ዳኛው ሰጠውና ሮጠ። ኳሷ ምን ያህል ትልቅ ሆና እንደታየችው ካሯሯጡ ያስታውቅ ነበር።

ፖሊሱ ወገቤን ይዞ «አባት፣ ይውረዱ» አለኝ። «አባት» ማለቱ ባሰብኝ።

«ዋስ ነኝ!»

«የማን?»

«የተከላካዩ!»

«እርስዎም ሊያስፈልግዎት ነው» አለና በአንድ ጫማ ወደ በሩ ወሰደኝ።

ስለዚህ የሕይወቴን ትልቅ ጨዋታ የሰማሁት ከስታዲየሙ ግንብ ውጭ ቆሜ ነው። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁ ላይ ወጥቶ በግንቡ አናት ያያል።

«ምን ተፈጠረ?» እለዋለሁ።

«ከመስመር ላይ አወጣት! ኧረ ሰውዬው ዛሬ... አሁን አጥቂው ደግሞ በክርን መታው።»

ፖሊሱ አንገቱን አሰገገ። እኔም ባጃጁን ይዤ ተንጠራራሁ።

«ምን አደረገ?»

«ምንም። ወደ ደረጃው ጠቆመው። ለጋሼ ንገረው የሚለው ይመስላል።»

አለቀ፤ አንድ ለባዶ አሸነፍን። የሚስቴ ወንድም ላብ እንዳጠመቀው፣ ጫማዬን ይዞ፣ ከእህቱ ጋር ወጣ። «ሰኞ ና ፈርም አሉኝ ጋሼ» አለ፤ ጫማውንም ዝቅ ብሎ አጠለቀልኝ።

አቋሜ አልተለወጠም። ያ ሰው ንዴቱን አልተቆጣጠረም፤ የሚናደድለት ሰው አገኘ እንጂ። የሚቀጥለው ሰው ግን እኔ አለመሆኔን ላስታውቅ ስል ፖሊሱ ቀደመኝ። ዳግመኛ ስታዲየም ውስጥ እንዳልናደድ ዋስ ካልጠራሁ ወደ ጣቢያ እንደምሄድ ነገረኝ።

«እኔ አለሁ» አለ የሚስቴ ወንድም።

ፖሊሱ ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ? ፊሽካ የነጠቅኸው?»

«እኔ። አሁን ጨዋ ነኝ።»

«በሉ፣ ቃልዎን ይስጡ አባት» አለኝ ፖሊሱ።

«እኔ እንኳ በመርህ ደረጃ...» ብዬ ስጀምር ሚስቴ ወደ ጎኔ ጠጋ አለች።

ቃሌን ሰጠሁ።