በታክሲው ላይ የበረረው ሰው

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፤ ሲልቨር ስፕሪንግ

አላርሙ ሳይጮህ ተነሳሁ። በሥራ ቀን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት ስቆጥር የምውል ሴት ነኝ፤ ቅዳሜና እሁድ ግን ስለ ወንጀልና ስለ ስለላ ፊልሞች በዚህ ዓምድ ላይ እጽፋለሁ። ዋሽንግተን አጠገብ አሥራ አንድ ዓመት ኖሬ ከተማዋን እንደ ፊልም ዞሬ አይቻት አላውቅም። ዛሬ ላያት ነው። ሰላዮች ፖስታ የሚቀባበሉበትን ቦይ፣ ነፍሰ ገዳይ የሚሸሽበትን የሜትሮ፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን፣ ተንቀሳቃሽ ደረጃ እያየሁ አሌክሳንድሪያ እደርሳለሁ። እዚያ ሬይ ከሚባል ጡረተኛ ጋር ቀጠሮ አለኝ። ሬይ በፊልም ውስጥ ሰው ከጣሪያ ሲወድቅ ወይም በመኪና ሲገጭ ማንም ሳይጎዳ እንዲያልፍ አደጋውን የሚያቀነባብር ባለሙያ ነበር።

መንገድ የሚመሩኝ ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው። ከእኔ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ይኖራሉ፤ በዚህ ከተማ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው አምና ነው ያቆሙት። ከሳምንት በፊት ሊፍት ውስጥ አግኝቻቸው ስለ ጉዞው ስነግራቸው፣ የትኛው መንገድ ቅዳሜ እንደሚዘጋ እያስረዱኝ መኪናዬ ድረስ ሸኙኝ። አብረውኝ ይሄዱ እንደሆነ ስጠይቃቸው ወዲያው እሺ አሉ። አሁን በር ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ የተላጨ ጢም፣ የተጠረገ ጫማ፣ በፌስታል ሁለት የእንቁላል ሳንድዊች።

መሪውን እኔ ያዝኩ። ሲክስቲንዝ ስትሪትን ይዘን ወደ መሃል ከተማ ቁልቁል ወረድን። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፤ የመንገድ መብራት አልጠፋም፤ ውሻ ይዘው የሚሮጡ ሰዎች፣ ባዶ አውቶቡሶች፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት። ልቤ እንደ ልጅ ይዘላል።

1 ሰዓት ተኩል፤ ጆርጅታውን

ፓርኪንግ ያገኘነው በጋሽ ሙሉጌታ ብልሃት ነው። ቦዩ ዳር ወረድን። አረንጓዴ ውኃ፣ ቀይ ጡብ፣ የዛገ የብረት መሸጋገሪያ። እዚህ ድንጋይ ላይ ስንት ፊልም ውስጥ ስንት ሰላይ ተቀምጧል መሰላችሁ። እኔም ተቀመጥኩ። ጋሼ በስልኬ ፎቶ አነሱኝና፣ ወንጀለኛ እንደማልመስል፣ ፊቴ ላይ ሳቅ እንደበዛ ነገሩኝ።

ስለ አንድ ፊልም አጫወትኳቸው። ባለታሪኩ ጆርጅታውን ውስጥ እየሮጠ ሜትሮ ጣቢያ ይገባል፤ በእውነተኛዋ ጆርጅታውን ግን ሜትሮ የለም። ጋሼ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ለካ በታክሲ ዘመናቸው ያንን ጣቢያ አድርሰኝ የሚል ቱሪስት ገጥሟቸው ያውቃል። የለም ቢሉት አላመናቸውም፤ ሰፈሩን ሁለቴ ካዞሩት በኋላ ነው የወረደው።

3 ሰዓት፤ ዱፖንት ሰርክል

የሜትሮው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ መሬት ሆድ ይወርዳል፤ ከላይ ሆኖ ታቹ አይታይም። በፊልም ላይ አሳዳጁ ከላይ፣ ተሳዳጁ ከታች ሆነው ሲተያዩ ትንፋሼ የሚቆመው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። እስከ ታች ወረድኩ፤ ክቡ የኮንክሪት ጣሪያ ሥር ቆሜ ባቡር ሲገባ ነፋሱ ቀሚሴን አነሳው፤ ተመልሼ ወጣሁ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ በሁለቱም አቅጣጫ ሮጫለሁ።

ጋሽ ሙሉጌታ ላይ ሆነው ሲጠብቁኝ ዛሬ የምናያቸውን ቦታዎች ዝርዝር ያነቡ ነበር። ወረቀቱን መልሰውልኝ ግድግዳው ላይ ተደገፉ። ደክሟቸው መሰለኝ።

4 ሰዓት፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ

ቀጣዩ ቦታ ከሁሉም የጓጓሁለት ነው። ከትልቁ ባቡር ጣቢያ ጀርባ መንገዱ በሐዲዱ ሥር ያልፋል፤ ጨለም ያለ፣ ምሰሶ የበዛበት። እዚህ ስለተቀረጸ አንድ የማሳደድ ትዕይንት ከዚህ በፊት ጽፌላችኋለሁ። ሰውየው እየሮጠ ከምሰሶ ጀርባ ይወጣል፤ ታክሲ ይገጨዋል፤ በኮፈኑ ላይ በርሮ ማዶ ይወድቅና ተነስቶ ሩጫውን ይቀጥላል።

ልታጠፍ ስል ጋሽ ሙሉጌታ ክንዴን ያዙ።

"እዚህ አቁሚ ልጄ። እዚያ ውስጥ አልገባም።"

ዳር ይዤ አቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ። መስታወቱን ዝቅ አድርገው ማውራት ጀመሩ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ፊልም ሠሪዎች ከነታክሲያቸው ለሁለት ቀን ቀጥረዋቸው ነበር። ሥራው ቀላል ነው፤ በዝግታ መምጣት፣ መሬት ላይ ከተለጠፈው ነጭ ፕላስተር ላይ መቆም። ሁለቴ ተቀረጸ፤ ሁለቴም በደንብ ቆሙ። ከሦስተኛው በፊት አስፋልቱ በካሜራ እንዲያበራ ብለው ውኃ ረጩበት። ጋሼ ፍሬን ያዙ፤ ጎማው ተንሸራተተ። ከፊታቸው የሚሮጠው ሰው ኮፈኑ ላይ ወጥቶ ማዶ ወደቀ። አልተንቀሳቀሰም።

ከመኪናው ወርደው አጠገቡ ተንበረከኩ። ሰዎች መጥተው ገለል አደረጓቸው፤ አምቡላንስ ወሰደው። ሬዲዮ የያዘች ወጣት መጥታ መሄድ እንደሚችሉ ነገረቻቸው። የሰውየውን ስም ቢጠይቁ የሚነግራቸው አጡ። በተሰጣቸው ቁጥር ለሳምንታት ደወሉ፤ ቀረጻው አልቆ የፊልም ሠሪዎቹ ጊዜያዊ ቢሮ ተዘግቶ ነበር። ፊልሙን አላዩትም። ለባለቤታቸውም አልተናገሩም። ከዚያ በኋላ ተሳፋሪ በዚህ መንገድ ሂድ ሲላቸው ዙሪያውን ይዞራሉ።

ዓምዴ ላይ አድንቄ የጻፍኩት ትዕይንት ትዝ አለኝና አፈርኩ። ሰውየው እኮ ፊልሙ ላይ ይነሳል፣ ይሮጣል አልኳቸው። ተነስቶ የሚሮጠው ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል አሉ። ልክ ናቸው፤ ፊልም እንዲህ ይቆረጣል፣ እንዲህ ይቀጠላል።

ያን ጊዜ አሌክሳንድሪያ የምናገኘው ሰው ማን እንደሆነ ነገርኳቸው። እስከዚያ ድረስ ሬይ ዝም ብሎ የፊልም ሰው ነው ያልኳቸው። በዚያ ፊልም ላይ ይሥራ አይሥራ አላውቅም፤ ግን የከተማውን የፊልም አደጋ ሁሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ከፈለጉ ወደ ቤት ልመልሳቸው እንደምችልም ነገርኳቸው።

"ሞቶ ከሆነስ?" አሉ።

ሳንድዊቻቸውን ከፌስታል አውጥተው ሳይበሉ መልሰው ጠቀለሉት።

"ንጂ። አለማወቁ ይበልጥ አደከመኝ።"

5 ሰዓት ተኩል፤ ወንዙን ተሻግረን

በፎርቲንዝ ስትሪት ድልድይ ፖቶማክን ተሻገርን። ውኃው ላይ ፀሐይ ተበትኗል። በስተቀኝ የክሪስታል ሲቲ የመስታወት ፎቆች፣ በስተግራ አውሮፕላኖች ድልድዩን የሚነኩ እስኪመስሉ ዝቅ ብለው ያርፋሉ። በሌላ ቀን ቢሆን ስለ ሁለቱም የፊልም ስም እየጠራሁ በተናገርኩ ነበር። ጋሼ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ፊት ለፊት ያያሉ። አንዴ ብቻ፣ ቀኙን መስመር እንድይዝ ነገሩኝ።

6 ሰዓት፤ አሌክሳንድሪያ

የጡብ ቤቶች፣ የጡብ የእግረኛ መንገድ፣ ጠባብ በሮች። ሬይ ከበሩ ላይ ጠበቀን፤ ሰባዎቹን ያጋመሰ፣ ሁለቱም ጉልበቱ በኦፕሬሽን የተተካ፣ ሳቁ ከሳሎን እስከ ኩሽና የሚሰማ ሰው። ግድግዳው ሁሉ ፎቶ ነው፤ የሚቃጠል መኪና፣ በገመድ የተንጠለጠለ ሰው። ለሳምንታት ያዘጋጀኋቸው ጥያቄዎች ነበሩኝ። ሁሉንም ተውኩና ስለ ታክሲው ጠየቅኩት።

ሬይ ጋሽ ሙሉጌታን ትኩር ብሎ አያቸው። ታክሲው ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው ጠየቀ። ነጭ፣ በሩ ላይ አረንጓዴ መስመር ያለው፣ አሉ ጋሼ። ሬይ ተነስቶ ስልኩን ፍለጋ ሄደ። ያቺ ደቂቃ በጣም ረዘመችብኝ።

ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጎ ደወለ። ዳኒ ብሎ ጠራ፤ ባለታክሲው ሳሎኔ ተቀምጧል አለው። ከወዲያ በኩል የልጆች ጫጫታና የውኃ ድምፅ ይሰማል። ዳኒ ያኔ የወደቀው ሰው ነው፤ አሁን ፍሎሪዳ ውስጥ ለሕፃናት ዋና ያስተምራል። በእንግሊዝኛ፣ አንተ ነህ እንዴ፣ የት ጠፍተህ ነው አለ።

ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን አወለቁ። ይቅርታ ለማለት ጀመሩ፤ ዳኒ አላስጨረሳቸውም። የተሰበረው የትከሻው አጥንት ብቻ ነው፤ በሦስት ወር ወደ ሥራ ተመልሷል። ያልተንቀሳቀሰው የሬይ ሕግ ስለሆነ ነው፤ የወደቀ ሰው ሐኪም ሳያየው ጣቱን እንኳ አያነሳም። ውኃው እንዲረጭ የፈቀድኩት እኔ ነኝ አለ ሬይ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው፤ አንተን ግን ፈልገን ማግኘት ነበረብን።

ከዚያ ዳኒ አንድ ነገር ልጠይቅህ አለ። "አጠገቤ ተንበርክከህ አንዲት ቃል ደጋግመህ ትለኝ ነበር። ምን ነበር የምትለኝ?"

ጋሼ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

"አይዞህ ነው ያልኩህ" አሉ በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ ለሚጠይቅ ሰው።

ትርጉሙን ጠየቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። ሁለት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃል ሞከርኩ፤ አንዱም አልሞላ አለ። በመጨረሻ፣ አለሁልህ፣ በርታ፣ ያልፋል፣ ሦስቱም በአንድ ቃል ነው አልኩት። ዳኒ ቃሉን በራሱ አፍ ሞከረው፤ ተበላሸበት፤ ጋሼ አረሙት። ገንዳው ዳር ሆኖ ደገመው። ልጆቹም ተከትለውት ሲሉት ሰማን።

8 ሰዓት፤ እዚያው ሳሎን

ሬይ ትዕይንቱን ሊያሳየን ቴሌቪዥኑን ከፈተ። ሦስተኛው ቀረጻ ነው ፊልሙ ውስጥ የገባው፤ ከወደቀ በኋላ የሚሮጠው በዚያው ቀን የተተካ ሌላ ሰው ነው። ሰውየው ከመውደቁ በፊት፣ ለሁለት ሰከንድ ያህል፣ በእርጥብ መስታወት ውስጥ የጋሽ ሙሉጌታ ፊት ይታያል። ጥቁር ጢም፣ የሰፋ ዓይን። ያንን ትዕይንት አሥር ጊዜ ሳላየው አልቀርም፤ ሹፌሩን ግን አንድም ቀን አላየሁትም። ይህን ዓምድ ለምታነቡ ሁሉ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጋሼ ሬይን እንዲያቆመው ጠየቁት። ጥሩ ነጂ ይመስላል አሉ፤ ሦስታችንም ሳቅን። ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሊያዩት እንደሚፈልጉ ተናገሩ። ሬይ መጋረጃውን ሳበ፣ ፈንዲሻ አፈነዳ፣ ሁለቱን የእንቁላል ሳንድዊች ለአራት ቆራርጦ አቀረበ።

አሁን ፊልሙ ግማሽ ላይ ደርሷል፤ እኔ ማስታወሻዬን በጨለማ እጽፋለሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ወንበራቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ድንገት ወደ እኔ ዘንበል አሉና በሹክሹክታ ጠየቁኝ፦

"ገዳዩ ጠበቃው ነው አይደል?"

እኔ አውቃለሁ። አልነገርኳቸውም።