እናቴ የተኳለችበት ዓርብ

የልጅ ልጄ ሺራ የመኝታ ቤቴን መሳቢያ ስትበረብር አንዲት የነሐስ ብልቃጥ አገኘች። ከመሐል ጣት አትረዝምም፤ ክዳኗ ላይ ቀጭን መኳያ ተሰክቶባታል። «ሳፍታ፣ ማ ዜ?» አለችኝ፤ አያቴ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቷ ነው። የኩል ብልቃጥ ናት፣ የእናቴ ናት አልኳት። ከፍታ አሸተተቻት። ምንም አትሸትም፤ ውስጧ ከደረቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል። እኔ ግን በእጄ ስይዛት የወንዝ ድንጋይና የአደስ ቅቤ ሸተተኝ።

ሺራ ልታገባ ነው። ሙሽራ ከሠርጓ በፊት ወደ ሚክቬ፣ ወደ መንጻት ውሃ፣ መውረድ አለባት። እናቷ ሰጉላ በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር በምትሠራበት ቦታ ፈረቃዋን መቀየር አልቻለችም። ስለዚህ ሺራ «አንቺ አብረሽኝ ነይ፣ ገብቶ መውጣት ነው» ትለኛለች። አያቷን አንቺ በማለቷ መቀየም ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ እዚህ ተወልዳ አንቱታን ከየት ታምጣ። ደክሞኛል፣ እስቲ አያለሁ አልኳት። ውሸት አልነበረም። አሚሻቭ ሰፈር ካለው ሦስተኛ ፎቄ መውረድም መውጣትም ጉልበቴን ይፈትነዋል። እሷ ከሄደች በኋላ ግን ብልቃጧን ወደ መሳቢያው አልመለስኳትም።

ልጅ እያለሁ፣ ወገራ ውስጥ፣ ከእኛ ከአይሁዶች መንደር ዳር ወደ ወንዙ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት ጎጆ ነበረች። ዙሪያዋን ድንጋይ ተደርድሮባታል። የመርገም ጎጆ ትባላለች። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከቤቷ ወጥታ እዚያ ትሰነብታለች፤ ሰባት ቀኗን ጨርሳ፣ በወንዝ ታጥባ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ትመለሳለች። ከድንጋዩ ወዲያ ያለችውን የነካ ሰው ይረክሳል፤ እሱም ታጥቦ እስኪመሽ ድረስ ቤት አይገባም። የእኔ ዘመን ሰው ይህን አይረሳውም። ምግብ የምናደርሰው እኛ ልጆች ነበርን። ከድንጋዩ አጠገብ አስቀምጠን ወደ ኋላ እንላለን፤ እነሱ መጥተው በራሳቸው ዕቃ ይገለብጡታል።

በስሙ ብቻ የሚያውቃት ሰው ለቅሶ ቤት ትመስለው ይሆናል። እኛ ምግብ አመላላሾቹ ግን ሌላ ነገር እንሰማ ነበር። ሳቅ ይሰማል፤ የፈትል እንዝርት ይሰማል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲቀዱና እህል ሲፈጩ የሚኖሩ ሴቶች እዚያ እግራቸውን ዘርግተው ይቀመጣሉ። እርስ በርስ ጠጉር ይፈታታሉ፤ መዳፋቸውንና ተረከዛቸውን እንሶስላ ይሞቃሉ።

እናቴ የቄስ ልጅ ነበረች፤ ጸሎቱን ከወንዶች እኩል ታውቃለች ይባልላታል። በዚያ ዓመት ግን ከክረምቱ በፊት፣ ጡት ያልጣለው ወንድሜ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጠጉሯን አልተሠራችም። ቅቤ አልነካትም። ኩሏን ምሰሶው ላይ ሰቅላ ተወችው። ሰንበት ጧት ሰዉ ወደ ጸሎት ቤት ሲሄድ እሷ ደጅ ላይ ተቀምጣ ትቀራለች። አባቴ ሸማኔ ነበር፤ ሁለቱ የሚነጋገሩት ስለ ጥጥና ስለ ፈትል ብቻ ሆነ። ማታ ማታ መጥታ ከእኔ ጎን ትተኛለች፤ ጀርባዋ ቀዝቃዛ ነበር። አንድ ቀን የአባቴ እናት ለጎረቤት ሲናገሩ ሰማሁ፤ «ባሏንም ሰንበቷንም የተወች ሴት ወደ አባቷ ቤት ብትመለስ ይሻላል። መከሩ ይለቅና እንነግራቸዋለን» አሉ። መከሩ እንዳይደርስ እግዜርን መለመን የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው።

መከሩ ተጀምሮ ሳለ፣ እናቴ ቀኗን የምትጨርስበት ዕለት ዓርብ ሆነ። አባቴ ከሸማ ጉድጓዱ ቀደም ብሎ ወጣ። ብልቃጧን ከምሰሶው አወረዳት፣ በኩታው ጫፍ ወለወላትና እጄ ላይ አስቀመጣት። «ከውሃው ስትወጣ ስጫት። ከዚያ በፊት እናትሽን እንዳትነኪያት፤ ሰንበት ልትገባ ነው» አለኝ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

ድንጋዩ ጋ ስደርስ እናቴ እትዬ ዘነቡ እግር ሥር ተቀምጣለች። እትዬ ዘነቡ ጎረቤታችን ናት፤ የብዙ ልጆች እናት፣ ምላሷ የማያርፍ። እሷም ቀኗን የምትጨርሰው በዚያው ዕለት ነበር። የእናቴን የተቋጠረ ጠጉር በሚዶ እየፈታች ታጉረመርማለች።

«ይሄ ጠጉር ነው የአይጥ ቤት?»

«ተይኝ እቴ፣ በሻሽ እሸፍነዋለሁ» አለች እናቴ።

«ሰንበት እኮ ሴት ናት። አባትሽ ቄሱ አላስተማሩሽም? እኛን ልታማልድ ፈጣሪዋ ፊት የምትቆም ሴት። አማት ቢመጣብሽ ፊትሽን ትታጠቢያለሽ፤ ሰንበትን ግን በየሳምንቱ አመድ መስለሽ ትቀበያታለሽ።»

እናቴ ከእግሯ ሥር ሣር ነቅላ ቆራረጠች።

«ያ ባልሽም ልቡ ጠፍቷል አሉ» ቀጠለች እትዬ ዘነቡ። «የአለቃን ኩታ ሲሠራ ጥለቱን መሐሉ ላይ አግብቶባቸው፣ ሰውዬው እንደ ታጠቀ ሙሽራ ሲዞሩ ዋሉ።»

ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ በመሐላቸው አንድ የረሳሁት ድምፅ ሰማሁ፤ እናቴ ሳቀች። እኔ የአባቴን ትእዛዝ አላሰብኩም። ድንጋዩን ዘልዬ ገብቼ ጉልበቷ ላይ ተደፋሁ።

እናቴ እጆቿን ወደ ላይ እንዳነሣች ቀረች። «ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ?» አለችኝ በቀስታ። እትዬ ዘነቡ ግን ተነሥታ ነጠላዋን አራገፈች። «እንግዲህ ነክታለች። እሷም ትታጠባለች፣ እጇ ላይ ያለውም ይታጠባል። ፀሐይዋ አትጠብቀንም፣ ተነሱ።» ያን ጊዜ እናቴ ብልቃጧን አየቻት። ማን ሰጠሽ አለችኝ። አባባ አልኳት።

ወንዙ በዚያ ወቅት ጠርቶ ይወርዳል። ልብሳቸውን ጧት በእንዶድ አጥበው ቋጥኝ ላይ አስጥተውት ነበር። የእናቴን ገላ ያን ያህል ቀርቤ አይቼው አላውቅም፤ እኛን የተሸከመችበት ሆዷ የተሸበሸበ፣ ትከሻዋ ግን የወጣት። እጄን ይዛ ወደ ጥልቁ አስገባችኝ። ውሃው እስትንፋሴን ቀማኝ። በራሴ ላይ እጇን ጭና አጠለቀችኝ፤ ከዚያ እሷ ጠለቀች። ስትወጣ ጠጉሯ እስከ ወገቧ ወርዶ ነበር። ወደ ኢየሩሳሌም ዞራ ቆመችና ጸለየች፤ ከንፈሯ ከብርዱ ይንቀጠቀጣል። ከክረምቱ በፊት ጀምሮ ስትጸልይ ያየሁት ያን ቀን ነው።

ቋጥኙ ላይ እትዬ ዘነቡ፣ እሷም ታጥባ ወጥታ፣ ከቀንድ ዋንጫ የአደስ ቅቤ አወጣች። በጥድፊያ ጎነጎነቻት፤ አንገቷንም አሸቻት። ለእኔ ቅቤ መዳፌ ላይ አድርጋ «አንቺ ደግሞ እግሯን እሺላት፣ ሥራ ፈት» አለችኝ። የእናቴ ተረከዝ ስንጥቅጥቅ ያለ ነበር። ቅቤው ሲገባበት ዓይኗን ጨፈነች። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ላይ ደርሳለች። እናቴ ብልቃጧን አንሥታ ያዘቻት፤ አልከፈተቻትም።

«ኀዘኔስ?» አለች።

«ኀዘንሽ የትም አይሄድብሽም» አለች እትዬ ዘነቡ። «ተኩለሽም ታለቅሻለሽ።»

እናቴ ተኳለች። እንባዋም መጣ፤ ጥቁር ሆኖ እስከ ጉንጯ ወረደ። እትዬ ዘነቡ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላትና ሦስታችን ዳገቱን ወጣን።

ቤት ስንደርስ፣ በሰንበት እሳት ስለማይነድ፣ እሳቱ ጠፍቷል፤ ሰንበት እየገባች ነው። አያቴ ጥግ ላይ፣ አባቴ መደብ ላይ ተቀምጠው ነበር። እናቴ በሩ ላይ ስትቆም የቅቤው ሽታ ከእሷ ቀድሞ ገባ። አባቴ ከመደቡ ተነሣ። ለቄስና ለሽማግሌ ሲነሣ አውቃለሁ፤ ለእናቴ ሲነሣ ግን ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት። በማግስቱ ጧት እናቴ ነጭ ለብሳ ጸሎት ቤት ሄደች፤ ከሴቶቹ ጋር ደጁ ላይ ቆማ ስትጸልይ ድምፅዋን ሰማሁት። ሰንበት ከወጣች በኋላ መኝታዬን ወደ አያቴ ጎን አዛወሩት። መከሩም አለቀ። ወደ አባቷ ቤት ስለመመለስ አያቴ ደግመው አላነሱም።

ስዳር እናቴ ብልቃጧን ለእኔ ሰጠችኝ። ስለዚያ ዓርብ ጠየቅኳት። «እግዜር የሰጠኝን ገላ ጠልቼ በየትኛው አፌ ላመስግነው?» አለችኝ።

እዚህ አገር ስንገባ ጎጆ የለም። በመጀመሪያው ዓመት ቀኔ ሲመጣ ፍራሼን በረንዳ ላይ አወጣ ነበር፤ ልጆቼ ሲያፍሩብኝ ተውኩት። ጎጆዋ ትመለስ አልልም። በክረምት ታፈሳለች፣ ቁንጫ ነበረባት፣ ስሟም ከባድ ነው። ግን ከእሷ ጋር እነዚያ ተረከዝ የሚያሹ እጆችም ቀሩ። ብዙ ዓመት የሰው ቢሮ አጸዳሁ፤ እጄ በረኪና በረኪና ሲሸት ኖረ። ገላዬን የማስታውሰው ወገቤን ሲያመኝ ብቻ ሆነ። ባለቤቴ ሲሞት ብልቃጧን መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት። ጥቁር ሻሽ አስሬ ምኩራብ ጥግ ላይ እቀመጣለሁ፤ ሰዎች ጨዋ ይሉኛል። እኔም ጨዋነት ይመስለኝ ነበር። ድካም ነው።

ሐሙስ ዕለት ከሺራ ጋር አውቶቡስ ይዘን ወረድን። ሚክቬው ንጹሕ ነው፤ ወለሉ ሸክላ ንጣፍ፣ ውሃው ሙቅ፣ ሽታው ክሎር። አስተናጋጇ ትሑት ሴት ናት፤ ወንበር ሰጠችኝ። ገብቶ መውጣት ነው ያለችው ልጅ ቆየች። ስትወጣ ጠጉሯ ይንጠባጠባል፤ ዓይኗ ቀልቷል። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

የአውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ብልቃጧን ከቦርሳዬ አወጣሁ። መኳያውን ባሽከረክረው ደረቅ ነው። ሺራ ከራሷ ቦርሳ የዓይን እርሳስ አወጣችና ሰጠችኝ። ኳልኳት። አንዱ መስመር ጠመመ። ሳታይ «በሰደር፣ ደህና ነው፣ ያምራል» አለች። ከዚያ እርሳሱን ከእጄ ወሰደችው።

«ያላ ሳፍታ፣ ዓይንሽን ጨፍኚ።»

«አሮጊት ነኝ፣ ሰው ያያል።»

«ሰው ይይ።»

ጨፈንኩ። ጣቶቿ ገና ሙቅ ነበሩ። ብዙ ዓመት ማንም ፊቴን አልነካውም ነበር።

በማግስቱ ዓርብ ወደ ማታ ፊቴን ስታጠብ ያቺን ጥቁር መስመር እንዳላጠፋት ተጠነቀቅኩ። እዚህ ወንዝ የለም፤ እትዬ ዘነቡም የለችም፤ ከታች የመኪና ድምፅ አለ። ነጩን ነጠላዬን አውጥቼ ለበስኩ። ወንበሬን በረንዳው ላይ አድርጌ ፀሐይዋ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ስትወርድ አየሁ። ሰንበት ስትገባ እንደ አባቴ ለመነሣት፣ ጉልበቴን አስቀድሜ እያሸሁ ጠበቅኩ።