የጋሼ ሃዋርድ ቁርስ

ባለፈው ቅዳሜ ሾርት ኖርዝ በሚባለው የከተማችን ሰፈር፣ አሮጌ መጻሕፍት የሚሸጡበት ቤት ገብቼ፣ ፑሪታን ስለሚባሉት የጥንት እንግሊዛውያን ቄሶች የተጻፈ መጽሐፍ አነሳሁ። ሁለት ገጽ ሳላነብ መልሼ አስቀመጥኩት። ጋሼ ሃዋርድ ትዝ አሉኝ።

ኮቪድ በገባበት ዓመት፣ በሃያ አንድ ዓመቴ፣ አፐር አርሊንግተን በሚባል ሰፈር ውስጥ ተቀጥሬ እኚህን ጡረተኛ ፓስተር እንከባከብ ነበር። በስማቸው ብቻ መጥራት አፌ እምቢ ስላለኝ ጋሼ አልኳቸው፤ ወደዱት። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ጠዋት ጠዋት እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የሚያጽፉኝ የአንድ ፑሪታን ቄስ ሕይወት ነበር፤ የንጉሡን የጸሎት ሥርዓት አልቀበልም ብሎ ከደብሩ የተባረረ፣ ለሕሙማን የጸሎት መጽሐፍ የደረሰ ሰው። ፑሪታኖች ገናን እንደማያከብሩ ለእናቴ ስነግራት፣ "ገናን የማያከብር ደግሞ ምን ቄስ ነው?" ብላ ሳቀች። እኔ ግን እየወደድኩት መጣሁ። ከንጉሡ ሰዎች ተደብቆ ሳለ ሚስቱ ታመመች፤ መልእክቱ ዘግይቶ ደረሰውና ሲመጣ ተቀብራ አገኛት።

እዚህ ምዕራፍ ላይ እያለን የጋሼ ሃዋርድ ሚስት በኮቪድ ሆስፒታል ገቡ። መጠየቅ ክልክል ነበር።

በሳምንቱ፣ ዝናብ በሚያካፋበት ጠዋት፣ ስልኩን እኔ አነሳሁ። ነርሷ፣ "ሊሰናበቷቸው ከፈለጉ አሁን ይደውሉ፤ ስልኩን ጆሯቸው ላይ እይዝላቸዋለሁ" አለችኝ። ጋሼ ገና ከአልጋ መነሳታቸው ነው። ጨነቀኝና ለእናቴ ደወልኩ።

"እማዬ፣ የጋሼ ሚስት ሊያርፉ ነው። አሁኑኑ ኮል ያድርጉ አሉኝ።"

"በባዶ ሆዳቸው? ደንግጠው ቢወድቁብሽስ? መጀመሪያ ቁርሳቸውን ስጪያቸው፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ።"

ክፉ ወሬ በባዶ ሆድ አይነገርም፤ እኛ ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ያውቃል። አጃውን በወተት ሠራሁ፣ ቀረፋ ነሰነስኩበት። ጣፈጠኝ ብለው ድገሚኝ አሉ። ደገምኳቸው።

ሳህኑን አንስቼ ነገርኳቸው። ሲደውሉ ሚስታቸው ካረፉ አሥር ደቂቃ አልሞላም ነበር።

አልተቆጡኝም። "ከሆስፒታል መቼ ነው የደወሉት?" ብቻ አሉኝ። ነገርኳቸው። ከዚያ ወዲህ ስለ ቄሱ አንድ መስመር አላጻፉኝም፤ በዓመቱም ራሳቸው አረፉ።

ያን ዕለት እናቴ፣ "ተሰናበቷቸው?" ስትለኝ፣ "አዎ፣ ተሰናብተዋቸዋል" አልኳት። "ተመስገን፤ እህል መቅመሳቸው ረዳቸው" አለች። አንድ ቀን እነግራታለሁ ስል ዓመታት አለፉ፤ አሁን ደግሞ የልብ ሕመምተኛ ናት። የደበቅኳት ለእሷ አዝኜ ይሁን ለራሴ ፈርቼ አላውቅም። ዛሬም አንዱ መርዶ ይዞ ሲያማክራት፣ "መጀመሪያ እህል ይቅመሱ፤ ካላመንክ ልጄን ጠይቃት" ትላለች። እኔም፣ "እውነቷን ነው" እላለሁ።