እማማ የሺ የፈተሉት ጋቢ

ልጅ ሳለሁ ተረት ይነግሩኝ የነበሩትን የእማማ የሺን ጋቢ በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ስቆርጠው ግን ልጅ አልነበርኩም። ሳላውቅ ነው እንዳልል ደግሞ፣ መጠየቅ እችል ነበር።

ያኔ ሮም ውስጥ፣ ፒያሳ ቪቶሪዮ አጠገብ ባለ አሮጌ ፎቅ፣ እኛና እማማ የሺ አንድ ቤት ተጋርተን እንኖር ነበር። እናቴ አዛውንት የምትንከባከብ ባዳንቴ ስለነበረች የምትጦራቸው ሽማግሌ ቤት ታድራለች፤ እኔን የሚይዙኝ እማማ የሺ ነበሩ። በብርዱ ወራት፣ ታች መንገድ ዳር ካስታኛ የሚሉትን የዛፍ ፍሬ ከሚጠብሰው ሰውዬ ፍም የሚነሳው ጭስ በመስኮቱ ስንጥቅ ሲገባ፣ እማማ የሺ መብራቱ ሥር ተቀምጠው፣ ሰው ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣላቸውን ባዘቶ እየፈተሉ ተረት ይጀምራሉ።

አብልጬ የምወደው ከአንድ ጋቢ ሌላ ስለሌላት ሴት የሚነግሩኝን ነበር። ሲበርዳት ትደርበዋለች፣ መንገድ ስትወጣ ልጇን ታዝልበታለች፣ ገበያ ስትሄድ እህል ትቋጥርበታለች፣ ዝናብ ሲይዛት በእንጨት ወጥራ ትጠለልበታለች።

«አሎራ፣ ታዲያ ሌላ ልብስ የላትም?» እላለሁ።

«አሎራሽን ተይና ክሩን ያዢልኝ። የላትም። ልብሷ ግን እንዳንቺ ሰነፍ አይደለም።»

የፈተሉት ልቃቂት አዲስ አበባ ለሸማኔ ተልኮ ጋቢ ሆኖ ሲመለስ አልለበሱትም። አጥፈው ሻንጣቸው ውስጥ አስቀመጡት።

እዚያው ቤት አድጌ የልብስ ንድፍ ተማርኩ። ልብስ ማግበስበስ ለሰለቻቸው ሴቶች፣ ከተልባ እግርና ከጥጥ ብቻ የሚሠራ፣ ካፖርትም ቀሚስም መደረቢያም የሚሆን አንድ ልብስ አሰብኩ። ለአንዲት የሱቅ ባለቤት የማሳየው ናሙና ግን በገዛሁት ጨርቅ ሁሉ እምቢ አለኝ፤ አንዱ ይደርቃል፣ አንዱ ይንሸራተታል። እማማ የሺ ቅዳሴ በሄዱበት ጠዋት ሻንጣቸውን ከፈትኩ።

ሲመለሱ ልብስ የምለካበት ማኒኪኖ ላይ አዩት። የተቆረጠውን ጠርዝ በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄ እጅጌ ነው?»

«አዎ እማማ። እንዲህ ሲታሰር ደግሞ ቀሚስ ይሆናል። ከእርስዎ ተረት ነው የወሰድኩት!»

«ያምራል ልጄ» አሉና ተቀመጡ። «መገነዣዬ ነበር። አፈር ለሚገባ ሰው እጅጌ ምን ያደርግለታል ብዬ ነው።»

ሌላ አስፈትዬ እንደማስሠራላቸው ማልኩ እንጂ ይቅርታ አላልኳቸውም። «ቫ ቤኔ፣ ቫ ቤኔ፤ ይሁን ግድ የለም» አሉኝ፣ እንደ ሕፃን እያባበሉ። ሌላ ሰው የፈተለውን አልፈለጉም። ባዘቶ አስመጣሁላቸው፤ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀምሮ ስለነበር ግን ክሩ እየተበጠሰ አስቸገራቸው። ዓመቱ ሳይዞር ሞቱ። እናቴና እኔ ከገበያ በገዛነው አንሶላ ገነዝናቸው። ጥጥ የሚል ተጽፎበት ነበር፤ ስዳስሰው ናይለን አለበት።

ዛሬ ያን ልብስ እየሠራሁ እኖራለሁ። ሴቶች ለብሰውት በመስታወት ፊት እየዞሩ፣ ሐሳቡ ከየት እንደመጣልኝ ይጠይቁኛል፤ ልጅ ሆኜ ከሰማሁት ተረት ነው ስላቸው ደስ ይላቸዋል። ተረቱን ለልጄ መንገር እጀምርና መጨረስ ያቅተኛል። እሳቸውን ልጠይቅ የሚገባኝን ይቅርታ ሳልጠይቅ አመለጡኝ። ይህን ያነበባችሁ፣ እባካችሁ ይቅር በሉኝ።