መሀል የወደቀች ኳስ

ቀድሜ ልንገራችሁ፤ አሸንፈናል። መጨረሻውን ደብቆ ሰው ማንገላታት እኔ አልችልበትም፣ ሆዴ ውስጥ አያድርልኝም። እኔና ጉልበቷ የተበላሸ የስልሳ አራት ዓመት ፓራጓያዊት ዋንጫ ይዘን አየር ጤና ወርደን፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ይዘን ቤቴል ገብተናል። ረዳቱ ዋንጫውን ጭኔ ላይ አይቶ «ማዘር፣ የልጅሽ ነው?» ሲለኝ፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ ሳወራለት ሄድኩ። ሲያወርደን በእፎይታ ነው ያወረደን።

ዋንጫው አሁን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀምጧል፣ ከቡና ስኒ ትንሽ ይበልጣል። የምጽፈው ግን ስለ ሴትየዋ ነው፣ ምክንያቱም ያለሷ እኔ ዛሬም ጥግ ይዤ ቆሜ ነበር።

ወደ ግቢያችን የመጣችው ልጇን ተከትላ ነው። ልጇ ሐኪም ናት፣ ዘነበወርቅ በኩል ነው የምትሠራው። የፊት ለፊቱን ቤት ተከራዩንና እናትየው የልጅ ልጇን ትጠብቅ ጀመር። አማርኛ የለመደችው ከግቢው ሕፃናት ስለሆነ «እርስዎ» የሚባል ነገር አታውቅም። ሰማንያ ሦስት ዓመት የሞላቸውን አባቴን «አንተ! ና ብላ!» ስትላቸው ግቢው በሳቅ ይፈርሳል፤ እሳቸውም አብረው ይስቃሉ። እኔ ግን «እትዬ» እና «እርስዎ» ነው የምላት። እዚህ ወረቀት ላይ «እሷ» ማለቴን እንዳታዩብኝ፤ አንቺ በይኝ ብላ ለምናኝ ፊት ለፊት አፌ እምቢ ስላለኝ፣ ቢያንስ በጽሑፍ ልታዘዛት ብዬ ነው።

ቴኒስ ተጫዋች እንደነበረች ያወቅኩት አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ ነው። ከግቢው ግንብ ጋር ኳስ ስትመታ አንዷ አፈትልካ እግሬ ሥር መጣች። አነሳኋትና አንድ ጊዜ አንጥሬ እጇ ላይ አሳረፍኩላት። ሴትየዋ ደርቃ ቀረች። ኳስ አቀባይ ኳስ አይወረውርም፤ አንዴ አንጥሮ፣ ተጫዋቹ ሳይጎነበስ፣ መዳፉ ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ይህን የለመደ እጅ አርባ ዓመት ቢያልፈውም አይረሳም።

«አንቺ! የት ተማርሽ?» አለችኝ።

«ኧረ ዝም ብዬ ነው እትዬ» አልኳት። የኔ ነገር እንዲህ ነው፤ ያለኝን እንኳ የለኝም ማለት እወዳለሁ።

አባቴ ግን ከበረንዳው ሆነው ሁሉንም ዘረገፉት። ጉልበታቸውን የጨረሱት መሀል ከተማ ባለ አንድ ክለብ የቴኒስ ሜዳ ጠባቂ ሆነው ነው። ቀዩን አፈር ይነፋሉ፣ ውኃ ያጠጣሉ፣ ይደመድማሉ፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራሉ። እኔ ከትምህርት ቤት መልስ ኳስ አቀብላለሁ። አባላቱ ሳይመጡ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አባቴ አሮጌ ራኬት ያዋሱኝና ከግድግዳው ጋር እመታ ነበር። በመምታቱስ እሳት ነበርኩ፤ እዚህ ላይ ትሕትና የለም! ፀሐይ ስትወጣ ግን ወደ ጥጌ እመለሳለሁ። «ድምፅሽ እንዳይሰማ» ይሉኛል አባቴ፣ «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም።» በዚያ ሜዳ ላይ ሰው እያየኝ አንድም ቀን ተጫውቼ አላውቅም። ይህች ነገር አባቴን ስታንገበግባቸው ኖራለች። ዓይናቸው ተጋርዶ ብርሃንና ጥላ ብቻ መለየት ከጀመሩ ወዲህ እንኳ፣ ድንገት ከመሬት ተነስተው «አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሳላይሽ» ይሉ ነበር።

እንግዲህ በዚህ መሀል ሐኪሟ ወሬ ይዛ መጣች። ያው ክለብ፣ ያው ሜዳ፣ ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች የጥንድ ውድድር አዘጋጅቷል፣ አባል ያልሆነም መግባት ይችላል። ፓራጓያዊቷ ጣቷን ወደኔ ቀሰረች። «እኔና አንቺ!»

«በሞትኩት! በዚህ ዕድሜዬ መሳቂያ ልሁን?»

«ትጫወታለች» አሉ አባቴ ከወንበራቸው ሳይነሱ። አለቀ። አባት ከተናገረ ምን ይባላል? እኔም ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ተመኘሁ፤ ያቺ የቀረችው ብርሃን ሳትጠፋ በዚያ ሜዳ ላይ ልጃቸው ስታሸንፍ እንዲያዩ።

የማመልክበት ቤተ ክርስቲያን ከአዳራሹ ጀርባ ባዶ ቦታ አለው፤ ሽማግሌዎቹን አስፈቀድን። አባቴ ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው መሬቱን ዳበሱና «እዚህ ጋ አፈር ሙሉ፣ እዚያ ጋ ውኃ» እያሉ አሠሩን። አሮጌ ሸራ በገመድ ወጥረን መረብ አደረግነው። ሴትየዋ አፈሩን ዘግና አሸተተችው። «የኛ አፈር!» አለች፤ የአገሯ መሬትም ቀይ ነው አሉ። ለካ የኮልፌ ጭቃ እንዲህ የሚናፈቅ ነገር ነው! እኛ ክረምት በመጣ ቁጥር ከጫማችን ላይ እየፋቅን ስንረግመው ነው የኖርነው።

የመታሁት ሁሉ ይገባል። ሴትየዋ «አንቺ ጉደኛ!» ትላለች። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ በሁለታችን መሀል የምትመጣ ኳስ ሁሉ ትወድቃለች። እኔ አልመታትማ! እንግዳ ናት፣ ታላቄ ናት፣ ዓለም ያየች ተጫዋች ናት፤ ከፊቷ ኳስ ልንጠቅ እንዴ? እኛ ቤት የመጨረሻዋ ቁራጭ ሥጋ ትሪው ላይ ትደርቃለች እንጂ ማንም እጁን አይሰድባትም። እሷ ደግሞ ጉልበቷ አያደርሳትም። በሦስተኛው ሳምንት ራኬቷን መሬት ላይ ጣለችው።

«ለምን ቆምሽ?»

«ለእርስዎ ብዬ ነዋ።»

«እኔ ለመንኩሽ?»

አግዳሚ ወንበር ላይ ጎትታ አስቀመጠችኝና፣ ግማሹን በሕፃን አማርኛዋ፣ ግማሹን በእጇ፣ ሕይወቷን ነገረችኝ። የጎደለውን ኋላ ልጇ ሞላችልኝ።

አባቷ አናጢ ነበር፤ የመጀመሪያ ራኬቷን ከጣውላ ቆርጦ ሠራላት። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ከቤት ወጥታ አህጉሩን በአውቶቡስ አዳረሰችው። ከከተማ ከተማ እየዞረች፣ ማልያዋን በየቤርጎው ባኞ እያጠበች፣ እርጥቡን ለብሳ እየገባች ተጫወተች። ብቻዋን ስትጫወት መካከለኛ ነበረች፣ ራሷም አትክድም። በጥንድ ግን የሚችላት አልተገኘም። ዋንጫ በዋንጫ ሆነች። በመጨረሻ አንዲት ስመ ጥር ሻምፒዮን ጠርታ አጣመረቻትና ከሁሉም የሚበልጠው ውድድር ፍጻሜ ደረሱ። አንዲት ነጥብ ቀረቻቸው። ኳሷ ቀስ ብላ በመሀላቸው መጣች። የኔዋ ሴትዮ ልትመታት ትችል ነበር፤ ግን «እሷ ናት ታላቋ» ብላ ቆመች። ሻምፒዮኗም ቆመች። በር ላይ «ይቅደሙ፣ ይቅደሙ» እንደሚባባሉ ሰዎች ተያዩና ኳሷ በመሀላቸው ወደቀች። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉ ተሸነፉ።

«አልቅሰው ይሆናል» አልኳት።

«አንድ ቀን አለቀስኩ። በማግሥቱ መጮህ ጀመርኩ!» አለችና ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ዘጠኝ ዓመት ስትጫወት ለእያንዳንዷ ኳስ በቋንቋዋ «የኔ!» እያለች ትጮህ ነበር። ዳኞች ገሠጿት፣ ተመልካች ሳቀባት፤ እሷ እቴ! እየጮኸች አሸነፈች። ጉልበቷ አልሸከምሽም እስኪላት ድረስ ማንም ዝም አላሰኛትም። እንዲህ ያለች ሴት ከፊቴ ተቀምጣ ሳያት ኮራሁባት፤ የወለድኳት ያህል ኮራሁ።

«በይ አሁን፣ በአማርኛ ጩኺ» አለችኝ።

«የኔ» አልኩ።

«ትንኝ! ደግመሽ!»

«የኔ!» ብዬ ስጮህ አዳራሹ ውስጥ የሚለማመዱት መዘምራን ዝማሬያቸውን አቋርጠው ወጡ። «ምነው እህቴ፣ ምን ተወሰደብሽ?» እያሉ ሌባውን በዓይናቸው ይፈልጋሉ። በኀፍረት መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ኳስ መሀል በመጣች ቁጥር ዓይኔ ወደ አዳራሹ በር እየሄደ ጭራሽ አሳልፋት ጀመር።

የውድድሩ ቀን አባቴ የሠርግ ኮታቸውን ለብሰው መጡ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ተጎንብሰው የሜዳውን ጫፍ በመዳፋቸው መዳበስ ነው። «ውኃ አብዝተውበታል፣ ምን ዓይነት ሰው ነው የቀጠሩት?» አሉ ጮክ ብለው። ወንበር ተሰጣቸው። ሐኪሟ ጨዋታውን በምትችለው አማርኛ ልትነግራቸው ስትል «ተይው ልጄ፣ የኳስ ድምፅ አውቃለሁ» አሏት።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥንዶች ጠራርገን አለፍን። ፍጻሜው ላይ ግን የክለቡ አባላት የሆኑ ሁለት ሴቶች ገጠሙን፤ አንዷ በኔ ዕድሜ ናት፣ ሌላዋ ትበልጠናለች። እኩያዬ መረቡ ጋ ስንጨባበጥ ፊቴን አየችኝና «ውይ! አንቺ የሜዳው ሰውዬ ልጅ አይደለሽም? ኳስ የምታቀብይን!» ብላ አቀፈችኝ። ክፋት የለባትም፣ የእውነት ደስ ብሏት ነው። እኔ ግን አርባ ዓመት ወደ ኋላ ሄጄ ጥጌ ላይ ቆምኩ። በመሀል የመጡትን ኳሶች በሙሉ አሳለፍኳቸውና የመጀመሪያውን ዙር ተሸነፍን።

በሁለተኛው ዙር ሴትየዋ የራሷንም የኔንም እየሮጠች መታች። እያነከሰች! አሸነፍን፣ ግን ጉልበቷ አብጦ አየሁት። መለያው አጭር ነው፤ አሥር ነጥብ ቀድሞ የደረሰ ዋንጫውን ይወስዳል። ተናነቅን፣ ተናነቅን፣ ዘጠኝ ለስምንት መራን። አንዲት ነጥብ ቀረችን።

ኳሷ ከፍ ብላ በመሀላችን መጣች።

ሴትየዋን በጎን አየኋት። ያቺን በሽተኛ እግሯን ልታነሳ ነው፤ ልትሄድላት ነው። አንድ ጊዜ መሀል በወደቀች ኳስ የተሸነፈችውን ሴት ዛሬ ደግሞ እኔ በይሉኝታዬ ልጥላት? ንድድ አለኝ! በራሴ ነው የተናደድኩት።

«የኔ!»

ክለቡ በሙሉ ዞረ። ካፌው ውስጥ የነበሩት ሳይቀሩ ተነሱ። ኳሷን ከላይ ወደ ታች ባለኝ ኃይል አወረድኳት፣ በተጋጣሚዎቻችን መሀል። እኩያዬ ታላቋን አየች፤ ታላቋ እኩያዬን አየች። እነሱም የኛው አገር ሰዎች ናቸው እኮ! እርስዎ ይምቱ፣ አንቺ ምቺ ሲባባሉ ኳሷ በመሀላቸው አልፋ አጥሩን መታች።

ፓራጓያዊቷ ራኬቷን ወርውራ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። በሳቅና በለቅሶ መሀል «የሷ! የሷ!» እያለች ለክለቡ ሁሉ ታሳየኛለች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደበቃል?

ከዚያ ወደ አባቴ ሄድኩ። ወንበሩን ተደግፈው ቆመዋል፣ ፊታቸው ወደ ሜዳው ነው።

«ማነው እንደዚያ የጮኸው?» አሉ።

«እኔ ነኝ አባዬ። ይቅርታ፣ አመለጠኝ።»

«ምን ይቅርታ አለው! ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉ። በዝግ አፍ ሲያሳድጉኝ የኖሩት ሰውዬ! እጃቸውን ዘርግተው ፊቴን ዳበሱት፣ ላቤንም እንባዬንም አንድ ላይ ጠረጉት። «እስቲ ድገሚው።»

አባላቱ ሁሉ ያዩናል። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ናት።

«የኔ!» አልኩ፣ ከበፊቱ አስበልጬ።

«አሁን አየሁሽ» አሉኝ።