በቅቤው ላይ የጫርኩት መስቀል

የቀሚሴ ዚፕ ወገቤ ላይ ሲደርስ እምቢ አለኝ። አምና ለጥምቀት ደብረ ብርሃን ላይ የተንጎራደድኩበት ቀሚስ ነው። ትንፋሼን ውጬ ሆዴን ብሰበስብም አልሆነ። ልጄ ከኋላዬ ቆማ እየሳቀች፣ «እማዬ፣ ሰው በሁዳዴ ይከሳል እንጂ ይወፍራል?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን እናቴ ትዝ አለችኝ። ይህችኑ ጥያቄ በአሥራ ሦስት ዓመቴ አንስቼባት ነበር፤ ያውም እንደ ልጄ ፊት ለፊት ሳይሆን በጓሮ በር።

ያኔ የምንኖረው አንኮበር ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ። እናቴ ደግሞ በጾም ቀልድ አታውቅም፤ ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ውሃ በአፏ አይዞርም። የአባቴ ጉንጭ ሲሰረጉድ የእሷ ወገብ ግን በዚያ ዓመት እየሰፋ ሄደ። አራት ጊዜ ይዞራት የነበረው መቀነት ሦስት ዞሮ አለቀ። እጅና እግሯ እንደ ድሮው ቀጭን ነው፤ የሚጨምረው ሆዷ ብቻ። ጉም ከገደሉ ወጥቶ ቤታችንን ሲያለብሰው፣ እኛ ጋቢ ውስጥ ተኮራምተን፣ እሷ ድንገት ፊቷ ይቀላና ነጠላዋን ጥላ ደጃፍ ላይ ትቆማለች። የላቧ ሽታ ከኩበቱ ጢስ ጋር ዛሬም ይመጣብኛል።

አንድ ቀን ቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላቸው መቆሜን ሳያዩ ሲያወሩ ሰማሁ። አንዷ፣ «የቄሱ ሚስት ጾሙ ተስማማት» አለች፤ ሌላዋ ሳቀች። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የቄስ ሚስት ጾም ትገድፋለች ከተባለ አባቴ በምን ፊታቸው ያስተምራሉ? ይባስ ብሎ እኔው ራሴ ጠረጠርኳት።

ለፋሲካ የተነጠረው ቅቤ ጓዳ ነበር። እናቴ ቤተ ክርስቲያን እስክትሄድ ጠብቄ ማሰሮውን ከፈትኩ። የኮረሪማውና የኮሰረቱ ሽታ ምራቄን አስዋጠኝ። በብርዱ ረግቶ የጠነከረው ቅቤ ላይ በጥፍሬ መስቀል ጭሬ መልሼ ከደንኩት። ማንኪያ ካረፈበት ይታወቃል ብዬ ነው። የቄስ ልጅ አይደለሁ፣ ሌላ ምልክት አልመጣልኝም።

በየሳምንቱ ከፍቼ አየሁ፤ መስቀሉ እንዳለ ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ። ታዲያ ከየት አምጥታ ነው የምትወፍረው?

ቀዳም ስዑር ከሰዓት፣ የዶሮው ሽንኩርት እየተቁላላ፣ እናቴ ማሰሮውን አውርዳ ከፈተችው። እኔ ነጭ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። የማንኪያው ድምፅ ሲዘገይብኝ ቀና አልኩ። ማሰሮውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዘንብላ ታያለች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ማንኪያውን ዘረጋችልኝና፣ «አንቺው ጀምሪው፤ ምልክቱ ያንቺ ነው» አለችኝ።

አልቻልኩም። እንባዬ ቀደመኝ፤ ሽንኩርቱ ነው ለማለት ሞከርኩ። ቁጣዋን ስጠብቅ አጠገቤ ቁጭ አለች። በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እኮ አልገባኝም፣ ልጄ። ብቀንስም ብቀንስም አልሆነልኝም። እግዜር ምን ተቀይሞኝ ይሆን?» አለች። እስክትሞት ድረስ ለአባቴ አልነገረችብኝም።

የቀሚሱ ነገር አሳስቦኝ ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ነበር። ወጣቷ ነርስ የወር አበባ ሲቋረጥ የሴት ሆርሞን እንደሚቀንስ፣ ጡንቻም በዕድሜ እንደሚሳሳ፣ ሰው ትንሽ እየበላም ስቡ ሆዱ ላይ እንደሚሰበሰብ፣ ያ ድንገተኛ ሙቀትም ከዚሁ እንደሚመጣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። እሷ ስታወራ እኔ ማልቀስ ጀመርኩ። ደነገጠች፤ እጄን ይዛ፣ «አይዞዎት እናቴ፣ በሽታ እኮ አይደለም» አለችኝ።

ስመለስ ባጃጁ ውስጥ ያንኑ ቃሏን ደጋገምኩት፤ ለራሴ ግን አልነበረም። አይዞሽ እናቴ፣ በሽታ አይደለም። ቅያሜም አይደለም።